ለጽድ ቆረጣ የወጡ ሽማግሌዎች

አቶ ሥዩም ልጁን ሶስናን የከለከለኝ ፊደል ስለማልቆጥር ነው። ሽማግሌ እንኳ አልላክሁበትም ነበር። ሊልክ ነው የሚል ወሬ ብቻ ሰምቶ፣ የናይሮቢ ሐበሻ በሙሉ በተሰበሰበበት ልቅሶ ቤት፣ «ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው ደጄን እንዳይረግጥ ንገሩልኝ» አለ። እኔ በሩ አጠገብ ወንበር እደረድር ነበር። ሰማሁ። መስማቴንም ሁሉም አየ። አንድ ሰው ብቻ ተነሥቶ ወንበሩን ከእጄ ተቀበለኝና፣ «ና እንሂድ፤ እዚህ የሚጠገን ነገር የለም» አለኝ። ጋሽ ተስፋይ ነበር።

ጋሽ ተስፋይ አስመራ ማረፉን ልጁ በስልክ ነገረችኝ። ስታለቅስ ቆይታ መሐል ላይ ሳቀች። «አባባ የመጨረሻ ቀን ሐኪሙን ምን አለው መሰለህ? ‘ለመሆኑ ፈትተህ አይተኸኛል?’ አለው» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ለሌላ ሰው አልቅሻለሁ፤ ለእሱ ግን እንባዬ ሳይደርስ ሳቄ ይቀድማል። ስለዚህ የምጽፈውም እንደዚያው ነው የሚሆነው።

የአስመራ ሰው ነው፤ ካቶሊክ። ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ሰፈር ጀርባ፣ የአንድ ሕንድ ጋራዥ ውስጥ ዋና መካኒክ ነበር። እኔ ከዲላ ሞያሌ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርሁ። ደርግ ሹፌሬን ሲያስረው ቀጥሎ የሚፈለገው ረዳቱ መሆኑ ስለገባኝ ድንበሩን በእግሬ ተሻገርሁ። ናይሮቢ ስደርስ ጎማ ከመፍታት በቀር የማውቀው ሙያ አልነበረም። ጋሽ ተስፋይ መንገድ ዳር ለአንድ ሰው ጎማ ስፈታ አየኝና፣ «ይህ ልጅ ብሎን አይሰድብም፤ እወስደዋለሁ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥሩ አልጠፋሁም።

አንቱ የሚለው ሰው አልነበረውም። ለጳጳስም፣ ለሕንዱም፣ ለፖሊስም አንተ ነው። እጁን ሁልጊዜ በጨርቅ ይጠርጋል፤ ንጹሕ ሲሆንም ይጠርጋል። ሞተር ሲመረምር የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ሰው ሲታመምም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ኢስሊ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ የሚነግድ ሐጂ ኑሩ የሚባል የወሎ ሰው የልብ ወዳጁ ነበር። ሐጂ ሳል ይዞት ጋራዥ ሲመጣ ጋሽ ተስፋይ ካቻቢቴውን ደረቱ ላይ ደገነበት።

«ቫልቩ ነው» አለው።

«ምን ቫልቭ አለኝ አንተ ከንቱ!»

«ለዚህ ነዋ የምታስለው።»

አንድ ነገር አልሆን ሲል፣ መኪናም ይሁን ሰው፣ የሚናገረው አንድ ነው፦ «የተበላሸ የለም፤ ያልተፈታ ነው ያለው።» እኔ በዚህ አላምንም። የተበላሸ ሞልቷል። ግን እሱ ሲለው ደስ ይል ነበር።

ገናውን ከኬንያዎቹ ጋር ያከብራል። ሚስቱ ግን ኦርቶዶክስ ስለሆነች የእሷ ገና ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ይመጣል። የመጀመሪያው ዛፍ እስከዚያ ደርቆ ቅጠሉ ምንጣፍ ላይ ይራገፋል። ስለዚህ ጋሽ ተስፋይ በዓመት ሁለት ጊዜ ለጽድ ቆረጣ ይወጣ ነበር። ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ሊሙሩ፣ ከሻይ ማሳው በላይ፣ ማማ ዋንጂሩ የምትባል ባልቴት ትንሽ የጽድ ደን ነበራት። ለፈረንጆቹ ገና ከሀብታሞቹ ሰፈር ከሩንዳም ከየትም መኪና ይሰለፍባታል። ከዚያ በኋላ ከእኛ በቀር የሚመጣ የለም። በየዓመቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በስዋሂሊ ትቆጣናለች።

«ሕፃኑ ተወልዶ ዳዴ ሊል ነው። እናንተ ሐበሾች አሁን ትመጣላችሁ?»

«አገራችን ሩቅ ነው ማማ» ይላታል ጋሽ ተስፋይ። «ወሬው የሚደርሰን ዘግይቶ ነው።»

ሶስናን ያወቅኋት በእሱ ዛፍ ሥር ነው። የጋሽ ተስፋይን ዛፍ የማያውቅ ሐበሻ አልነበረም፤ ጌጡ በሙሉ ከጋራዥ ነው የሚመጣው። ያረጁ ካንዴላዎች በቤንዚን ታጥበው ይንጠለጠላሉ። ኩሽኔታዎች የሲጋራ ብር ወረቀት ለብሰው ያብረቀርቃሉ። መብራቱ የመኪና ፍሬቻ ነበር፤ ባትሪ ላይ እንቀጥለውና ቀጭ ቀጭ እያለ ብልጭ ድርግም ይላል። የአቶ ሥዩም ቤተሰብ ለጋሽ ተስፋይ ገና ተጠርቶ ሲመጣ እኔ ተንበርክኬ ሽቦ አጠብቅ ነበር። ሶስና በላዬ ቆማ አየችና፣

«ዛፉ ወደ ግራ ሊታጠፍ ነው እንዴ?» አለች።

«ግድ የለሽም፣ መንጃ ፈቃድ አለው» አልኋት።

ሳቀች። ነገሩ የተጀመረው በዚህ ነው። አባቷ አልሳቀም። አዲስ አበባ ሳለ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኃላፊ ነበር፤ ሹፌር በር የሚከፍትለት። ደርግ ወንበሩን ሲወስድበት ቤተሰቡን ይዞ መጣና ኪሌሌሽዋ ሰፈር አፓርታማ ተከራይቶ ተቀመጠ። የሰው ሒሳብ ይሠራ ነበር። መኪና አልነበረውም። ኩራቱ ግን ድንበር ላይ አልተፈተሸም፤ እንዳለ ነው ያስገባው።

ከልቅሶ ቤቱ ስንወጣ ጋሽ ተስፋይ ቀጥታ ወደ ጋራዡ ወሰደኝ። ከዚያ አቧራ የጠገበ መኪና አጠገብ አቆመኝና በጣቱ የፊት መስታወቱ ላይ ሀ ሁ ሂ ብሎ ጻፈ።

«ይህን እኔ በጅራፍ ነው የተማርሁት» አለኝ። «አስመራ፣ አማርኛ መምህራችን ክንዱ አይደክመውም ነበር። ላንተ ያለ ጅራፍ እሰጥሃለሁ። ትግርኛ ተናጋሪ አማርኛ ሲያስተምርህ ግን ለማንም እንዳትናገር፤ ሁለታችንንም ይስቁብናል።»

የተማርሁት እንደዚህ ነው፤ መኪናው ከመታጠቡ በፊት፣ በአቧራ ላይ። አንድ ደንበኛ መስታወቱ ላይ የ«ሰ» ቤት ተደርድሮ አየና ደነገጠ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የበሽታው ስም ነው» አለው ጋሽ ተስፋይ።

ሰውየው ጠጋ ብሎ ተመለከተ። «ከባድ ነው?»

«ስሙ ነው እንጂ የረዘመው፣ ይድናል።»

መጀመሪያ በራሴ የጻፍሁት ሙሉ ቃል «ሶስና» ነው፤ የአንድ ፒክአፕ የኋላ በር ላይ። ጋሽ ተስፋይ አየው። መኪናው ያን ቀን ሳይታጠብ ለባለቤቱ ተመለሰ።

ማንበብ ስጀምር ቀጥ ብዬ ወደ አቶ ሥዩም ቤት ልሄድ ፈለግሁ። ጋዜጣ ይዤ ገብቼ ፊቱ ላይ ላነብለት ነበር ሐሳቤ። ጋሽ ተስፋይ ሳቀብኝ።

«በሩን ማን ይከፍትልሃል? እኛንም ቢሆን ሽማግሌ መሆናችንን ካወቀ አይከፍትልንም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

እጁን ጠረገ። «ሊሙሩ ላይ በር የለም» አለ።

አቶ ሥዩም ለገና ዛፍ ሁልጊዜ በጋሽ ተስፋይ ፒክአፕ ነው የሚሄደው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ቤተሰቡን በሙሉ ይዞ ይወጣል። በአገራችን ወግ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። አባትየው ጉዳዩን ሰምቶ «ተቀመጡ» ካለ ተስማማ ማለት ነው። ጋሽ ተስፋይ ይህን ወግ ወስዶ ጭጋግ ላይ ሊተክለው ነው ያሰበው። ሐጂ ኑሩ ሲነገረው ጉንጩ እስኪቀላ ሳቀና ለዕለቱ ነጭ ጀለብያውን አሳጠበ።

እሑድ ማለዳ እኔን ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ አስቀድሞ ላከኝ። «ትልቁን መጋዝ ይዘህ ዛፎቹ መሐል ተደበቅ» አለኝ። «ሙሽራ ሽማግሌ ፊት አይታይም። ነገር ግን ዛፍ ቆራጭ ያስፈልገናል። ነገሩ ሲያልቅ እጠራህና አንዱን እጀታ እኔ እይዛለሁ።» መጋዙ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ የሚስበው ዓይነት ነው። ማማ ዋንጂሩ አንድ ኩባያ ሻይ ሰጠችኝና ምን እንደምሠራ ሳትጠይቅ ደኑን አሳየችኝ። ዝናብ ስለሚመጣ በጣም የደነደነውን ጽድ መርጬ ከኋላው ቆምሁ።

ፒክአፑ መጣ። ከፊት አቶ ሥዩምና ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ ወረዱ፤ ከኋላ ሐጂና ሶስና። ወይዘሮ አስካለ የወደቀ ግንድ አጠገብ ብርድ ልብስ አነጠፈች። ጾም ስለነበር የምስር ሳንቡሳ ይዛ ነው የመጣችው። ጋሽ ተስፋይ ግን የእሱ ጾም ካበቃ ሰንብቷል፤ መንገድ ላይ ነዳጅ ልቅዳ ብሎ ወርዶ ጥብስ ቤት ቆይቶ ነበር አሉ።

«ተስፋይ፣ አፍህ ምን ይሸታል?» ስትለው ሰማሁ ወይዘሮ አስካለ።

«የመኪና ጭስ ነው።»

«ጭሱ ጨው በዝቶበታል።»

አቶ ሥዩም ግንዱ ላይ ተቀመጠ። «ኑ እንጂ፣ ቁጭ በሉ» አለ።

ማንም አልተቀመጠም። ጋሽ ተስፋይ ጨርቁን አወጣ። «ቆመን ይሻለናል አቶ ሥዩም። ለጉዳይ ነው የመጣነው።»

«ለዛፍ አይደለም እንዴ የመጣነው?»

«ለዛፍ የመጣኸው አንተ ነህ።»

አቶ ሥዩም አንዴ እሱን፣ አንዴ የሐጂን ነጭ ጀለብያ አየ። ገባው። ሳንቡሳውን ወደ ሰሐኑ መለሰ።

«ያ ልጅ ነው?»

«ያ ልጅ ነው» አለ ሐጂ።

«ማንበብ አይችልም ብዬ ጨርሻለሁ።»

«ዛሬ ይችላል» አለ ጋሽ ተስፋይ። «ስለ አንተ የሚያስበውን ጽፎ ሊልክልህ ነበር፤ እኔ ነኝ የያዝሁት።»

ሰበቡ ሲያልቅበት እዚያ ያበቃል ብዬ ነበር። አላበቃም። ሰው መናቅ የፈለገ ሰው ሰበብ አያጣም። «ዘመዱስ? አባቱን የሚያውቅ ማን አለ? ስለ እሱ ማን ነው የሚቆመው?» አለ።

«እየቆምን አይደለም እንዴ?» አለ ሐጂ።

«እናንተ? ተስፋይ፣ ያንተ ወንድሞች እዚያ አገር እንለያይ ብለው ይዋጋሉ፣ አንተ እዚህ ሰው ላጋባ ትላለህ?»

ይህ ክፉ ቃል ነበር። ሶስና ፊቷን አዞረች። መጋዙን እጄ ላይ ጨበጥሁት፤ ልወጣ ምንም አልቀረኝም። ጋሽ ተስፋይ ግን እጁን መጥረጉን ሳያቋርጥ፣ «እኔ የምዋጋው ከካርቡራተር ጋር ነው፤ እሱም እያሸነፈኝ ነው» አለ። ሐጂ ሳቀ። ወይዘሮ አስካለም ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አቶ ሥዩም መንገድ ለወጠ። «እንግዲያው ዘመድ ላማክር። አዲስ አበባ ለወንድሜ ልጻፍለት።»

«ጻፍ» አለ ሐጂ። «ቀበሌው ከወንድምህ ቀድሞ ያነበዋል። እነሱ ከፈቀዱልን ምን ቸገረን?»

በዚህ መሐል ማማ ዋንጂሩ መጣች። ግንድ ሞልቶ ሳለ ሽማግሌዎች ለምን እንደሚቆሙ ጠየቀች። ጋሽ ተስፋይ በስዋሂሊ ነገራት። ሁለተኛ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። «ሃታ ሲሲ» አለች፤ እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው ማለቷ ነው። በኪኩዩም ሽማግሌ ሳይሄድ ልጅ አይሰጥም። ከዚያ ቦት ጫማዋን እየጎተተች ሄዳ ከሐጂ ጎን ቆመችና፣ ልጁም ከማለዳ ጀምሮ ዛፎቿ መሐል በብርድ እየሞተ መሆኑን ጨመረች። ጋሽ ተስፋይ ጮክ ብሎ ሳለ። አቶ ሥዩም ስዋሂሊ አይሰማም ነበር፤ ተመስገን።

ዝናቡ ጀመረ። ወይዘሮ አስካለ ቀስ ብላ ከብርድ ልብሱ ተነሣች።

«አስካለ፣ ወዴት ነው?»

«እግሬን ደንዝዞኝ ነው» አለች። ሄዳ ከማማ ዋንጂሩ ጎን ቆመች። ሶስና ከመጀመሪያውም አልተቀመጠችም። የተቀመጠ ሰው አቶ ሥዩም ብቻ ሆነ። የሚጠብቁት ሁሉ ፊቱ ተደርድረው ውኃ ይወርድባቸዋል።

«ወደ መኪናው እንግባ» አለ።

«እኛ ቆመናል» አለ ጋሽ ተስፋይ።

«ቁሙ! ዛፌን ራሴ እቆርጣለሁ!» ብሎ ተነሥቶ ወደ ደኑ ተንደረደረ።

አንድ ያልቆጠርነው ነገር ነበር። አቶ ሥዩም ሁሉን ነገር ትልቅ ይወዳል። ዛፎቹን አንድ በአንድ እየናቀ፣ ቀጫጭኖቹን እያለፈ፣ ቀጥ ብሎ እኔ የተደበቅሁበት ዘንድ መጣና ጣቱን ቀሰረ። «ይኼ!» አለ፤ ለማን እንደሚናገር ራሱም አላወቀም። ከዚያ አየኝ።

ፊት ለፊት አንቱ እላቸዋለሁ፤ ወረቀት ላይ ግን እምቢ ይለኛል።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለኝ።

«ዛፍ ልቆርጥልዎ ነው የመጣሁት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የቆምኸው?»

«ከማለዳ።»

ካፖርቴን አየ፤ ተጨምቆ የሚያልቅ አልነበረም። መጋዙን አየ። «ታዲያ ለምን አትቆርጥም?»

«አንድ ሰው አይስበውም። ሁለተኛው እጀታ የጋሽ ተስፋይ ነበር፤ ቆሞብኛል።»

ወደ ኋላው ዞሮ በቅጠሉ መሐል ቁመው የሚጠብቁትን አየ። ማንም እሱን ሊረዳ እንደማይመጣ አወቀ። አዲስ አበባ ቢሆን አምስት ሰው ይሯሯጥለት ነበር። ጓንቱን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ ሁለተኛውን እጀታ ያዘ።

«ከሥር ነው» አለኝ። «ጉቶ እንዳታስተርፍ።»

«ትልቅ ነው፤ ቤትዎ አይገባም።»

«የቤቴን ጣሪያ ታውቀዋለህ?»

«መች አስገቡኝና!»

መጋዙን ግንዱ ሥር አስጠጋ። «ሳብ!» አለኝ።

ሳብን። መጀመሪያ ይገፋ ነበር፤ መጋዝ ሲስቡት እንጂ ሲገፉት አይሄድም። ነገርሁት። ተቆጣ። ከዚያ ሳበ። አንዱ ሲስብ ሌላው መልቀቅ አለበት፤ ያን ሲይዝ መጋዙ መዝፈን ጀመረ። ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ስናቆም ጠበቅሁት። ዛፉ ሊወድቅ ሲል ቀኝ እጁን ይዤ ጎተትሁት፤ ቅርንጫፉ ባርኔጣውን ብቻ ወሰደ። ባርኔጣውን አንሥቼ ሰጠሁት። ጭቃ ሆኗል። እንደዚያው ደፋው።

ጫፉን እሱ፣ ሥሩን እኔ ይዘን ከደኑ ጎትተን ስንወጣ፣ እነጋሽ ተስፋይ እንደቆሙ ናቸው። ሶስና እጇን አፏ ላይ ጫነች። አቶ ሥዩም ዛፉን ጣለና እየተነፈሰ ሁሉንም አንድ በአንድ አየ። የሚስቱ ነጠላ ውኃ ያንጠባጥባል። የሐጂ ጢም ውኃ ያንጠባጥባል።

«ተቀመጡ» አለ።

ግንዱ ራቅ ብሏል። እግራቸው ሥር ያለው የሊሙሩ ቀይ ጭቃ ነው። ጋሽ ተስፋይ ሐጂን አየው፤ ሐጂ ጋሽ ተስፋይን አየው። ሐጂ «ቢስሚላህ» ብሎ በነጭ ጀለብያው ጭቃው ላይ ዘፍ አለ። ጋሽ ተስፋይ የቤተ ክርስቲያን ሱፉን እንደለበሰ ተከተለው። ማማ ዋንጂሩ እየሳቀች በቦት ጫማዋ ተረከዝ ላይ ቁጢጥ አለች። ወይዘሮ አስካለ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከማዶ ሻይ ቃሚዎቹ ሳይቀሩ መለሱላት።

ዛፉ እንዳልሁት ቤቱ አልገባም። ኪሌሌሽዋ ደረጃ ላይ ከጫፉም ከሥሩም ቆረጥንለት። ማታ ወይዘሮ አስካለ ጥጡን እንደ በረዶ በተነችበት፤ ሶስና ያለፈውን ዓመት ኳሶችና ወረቀት ሐረጎች አንጠለጠለች፤ ሐጂ የአቶ ሥዩምን ፒጃማ ለብሶ የሚሰቀልበትን ቦታ እያዘዘ ተቀመጠ። አቶ ሥዩም ኮከቧን ከካርቶን አወጣና ዞር ዞር ብሎ አይቶ እኔ ላይ ዘረጋት። «ወንበር ላይ መውጣት አልችልም፤ ክንዴን ገድለኸዋል» አለኝ። ሰቀልኋት። ይቅርታ አልጠየቀኝም። እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም። እኔም አልረሳሁለትም።

ከዚያ ቤት ስንወጣ ጋሽ ተስፋይን ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ተቀመጡ ባይል ኖሮ እስከ መቼ ነበር የምትቆሙት?»

የፒክአፑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ፊቴ ላይ አቅጨለጨለው። «እኛ?» አለኝ። «ናይሮቢ ድረስ በእግሩ የሚሄደው እሱ ነበር እንጂ።»

ነገሩ ያለቀው እሑድ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው።